እህል የተገዘተበት ዓመት

የተወለድሁት ደምቢያ ነው፣ ከቆላ ድባ ገበያ ብዙ በማይርቅ አገር። ጎንደር የገባሁት በጋብቻ ነው። ባሌ አዘዞ ኬላ ላይ ዘበኛ ነበር። ከደምቢያ ወደ ጎንደር የሚወጣ ጭነት ሁሉ በዚያ ያልፋል፤ ባሌም ካኪ ለብሶ፣ ጠመንጃ አንግቶ፣ የኬላውን ገመድ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው። አባቴ በዚህ ይኮራ ነበር። የሠርጌ ዕለት ለጎረቤቶቹ፣ «ልጄን የሰጠኋት ለመንግሥት ሰው ነው፤ ከእንግዲህ አህያዬን አዘዞ ላይ የሚያቆም የለም» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አባቴ ብዙ የማይናገር፣ የተናገረውን የማያጥፍ ገበሬ ነበር። እናታችን ከሞተች በኋላ ሌላ ሳያገባ እኔንና ታላቅ ወንድሜን በጤፍ፣ በሽምብራና በኑግ አሳደገን። ጤፉን እንበላዋለን። ሽምብራውንና ኑጉን ጎንደር ወስዶ ለነጋዴ ይሸጠዋል፤ ነጋዴው በማኪና ወደ አስመራ፣ ከዚያም በመርከብ ባሕር ማዶ ይሰደዋል ይባላል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ኑግ ምን እንደሚያደርግለት ከእኛ የሚያውቅ አልነበረም። የሚገዛ እስካለ ድረስ ማንም አይጠይቅም።

ጣሊያን ወጥቶ አገር ከረጋ በኋላ፣ ሴት ልጄን ገና በማጠባበት ዓመት፣ ወደ ውጭ በሚወጣ እህል ላይ ቀረጥ ተጣለ ተባለ። አዋጁ ለነጋዴ ነበር። ነጋዴው ግን ቀረጡን ከገበሬው ዋጋ ላይ ቀነሰው። ይህ አልበቃ ብሎ የአዘዞ ኬላ ሹም በራሱ፣ «ኑግና ሽምብራ የጫነ ሁሉ ወደ ውጭ የሚልክ ነው» አለና ገበሬውን እዚያው ገመዱ ሥር ያስከፍለው ጀመር። አንዱ ኑግ ሁለት ጊዜ ተቀረጠ። ሹሙ ድምፀ ለስላሳ ሰው ነበር። ሰው ሲያስደበድብ እንኳ ድምፁ ከፍ አይልም።

ቤታችን ጎንደር፣ ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ነበር። ባሌ ሳምንቱን አዘዞ ያድራል፤ እኔ ከእናቱና ከልጄ ጋር እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ስንቅ ይዤለት እንደወረድሁ አባቴና ወንድሜ ኑግ የጫኑ አህዮች እየነዱ ደረሱ። ባሌ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ገመዱን ሊያነሣ ሲል ሹሙ ከጥላው ሥር ተነሥቶ መጣ።

«ምንድን ነው ጭነቱ?»

«ኑግ ነው ጌታዬ» አለ ባሌ።

«ቀረጡስ?»

አባቴ ቀረብ አለ። «ጌታዬ፣ ይህ ኑግ ገና ጎንደር እንኳ አልገባም። ባሕር የሚሻገር ከሆነ የሚያሻግረው ይክፈል። እኔ አዘዞን እንጂ ባሕርን አላውቅም።»

ተራ የሚጠብቁ ገበሬዎች ሳቁ። ሹሙ አልሳቀም። ወደ ባሌ ዞሮ፣ «ጆንያውን ፍታው» አለው።

ባሌ ፈታው።

«አፍስሰው።»

ባሌ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባቴን አየ። ከዚያ ጆንያውን አወረደና አፉን ወደ ታች አድርጎ መንገዱ ላይ ደፋው። ኑግ ደቃቅ ነው፤ አቧራ ውስጥ ከገባ ከአፈሩ አይለይም። አባቴ ተንበረከከና በእጁ እየሰበሰበ ወደ ጋቢው ጫፍ ይጨምር ጀመር። ወንድሜ ክንዱን ይዞ ሊያነሣው ቢል አልነሣም አለ።

«ያኛውንም» አለ ሹሙ።

ባሌ ያኛውንም አፈሰሰ። አህዮቹ አንገታቸውን ሰብረው ኑጉን ከነአፈሩ ይልሱ ጀመር። አባቴ በመጨረሻ ሲነሣ ጉልበቱ በአቧራ ነጭ ሆኖ ነበር። ባሌን ፊት ለፊት አየውና፣ «ልጄ፣ እጅህ አልተንቀጠቀጠም» አለው። ባዶ አህዮቹን እየነዳ ተመለሰ።

ባሌ ያን ሳምንት ቤት ሲመጣ ሳልጠይቀው ተናገረ። «እኔ ባላፈስሰው ሌላው ያፈስሰው ነበር። እኔም ከሥራ እወጣለሁ። ከዚያ አንቺንና እናቴን ማን ያበላል?» ያለው እውነት ነበር።

ከዚህ በኋላ የደምቢያ ሽማግሌዎች አቤት ለማለት ጎንደር ወጡ። በድሮው ደንብ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው ከገዥው ግቢ ፊት ተሰለፉ። አባቴም አብሮ ነበር። ሲመሽ በየዘመዱ እያደሩ፣ ሲነጋ ድንጋያቸውን ተሸክመው እየተመለሱ ሰነበቱ። ውሃ በእንስራ ወስጄላቸው ነበር፤ ሌሎቹ ጠጡ፣ አባቴ አልጠጣም። የሚያናግራቸው ሰው ከግቢው ሳይወጣ ቀናት አለፉ። የወጣ ጊዜም ያመጣው መልስ ሌላ ነበር፤ «በድንጋይ ሊወግሩን የመጡ ሽፍቶች ናቸው» ተባሉ። ድንጋዩ ከትከሻቸው ላይ እያለ ታሰሩ።

ቅዳሜ ቀን ገበያው መሐል አቁመው ገረፏቸው። ሽማግሌ ሁሉ፣ ጋቢውን ገፈው። ገበያተኛው ከቦ ያያል። አባቴ ተራው ሲደርስ አንዲት የከተማ ሴት፣ «ጠግበው ነው፤ ገበሬ ሲጠግብ እንዲህ ያደርገዋል» አለች፤ አጠገቧ ያሉት ሳቁ። አባቴ ጅራፉ ሲያርፍበት ድምፅ አላሰማም። የሳቀውን ሰው ግን አንገቱን አዙሮ አየ። አንድ ባንድ ነበር ያያቸው። ሲለቁት ሮጬ ነጠላዬን ላለብሰው ብል እጄን ገፋው።

«ቤት እንሂድ አባየ፣ ቁስሉን ልጠብልዎ።»

«የማን ቤት?» አለና ከነደሙ የአዘዞን መንገድ ያዘ።

በማግሥቱ ደምቢያ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ተሰብስቦ ተገዛዘተ። ኑግና ሽምብራ ብቻ አይደለም፤ ጤፍ፣ ቅቤ፣ እንጨት ሳይቀር፣ ወደ ጎንደር የሚወጣ ነገር እንዳይኖር ተማማሉ። ወደ ጎንደር እህል ያወጣ፣ የሸጠም የሰጠም፣ እሳት አይጫርለት፣ ደቦ አይወጣለት፣ በሬው ይታረድ፣ ሲሞት የሚቀብረው አይኑር ተባለ። ከተማ ዘመድ ያላቸው ሲያጉረመርሙ የተገረፈ ጀርባውን ገልጦ የቆመው አባቴ ነበር አሉ። «እኔም ልጅ አለችኝ» አለ። «ልጅም ብትሆን።»

የመጀመሪያው ቅዳሜ ገበያው ሲሳሳ ከተማው ቀለደ። «ኑጋቸውን ይቃሙት» ተባለ። ከኮሶዬና ከወገራ በኩል ገብስ ይመጣ ነበርና ማንም አልደነገጠም። ጥቂት ቆይቶ የወገራ ገበሬም ነገሩን ሰምቶ ግማሹ ከደምቢያ ጋር አበረ፣ ግማሹ ደግሞ ጊዜው የእርሱ መሆኑን አይቶ ገብሱን ለከበርቴና ለጦር ሰፈር ብቻ ይሸጥ ጀመር። ገበያው ላይ የቀረው በርበሬና ጨው ነበር። ባሌ ደመወዙን ይዞ ይመጣል፤ የሚገዛበት እህል የለም። ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ጎመን እየቀቀሉ ያበሏቸዋል፤ ጎመኑ ሲያልቅ አረሙን፤ ዝናብ የለምና አረሙም ሲያልቅ ዝም ብለው ያስተኟቸዋል።

እህል ግን በከተማው ውስጥ ነበር። ነጋዴዎቹ ከግዝቱ በፊት የሰበሰቡት ሽምብራና ኑግ መጋዘን ሞልቶ ተቀምጧል። ቀረጥ የተከፈለበት ነውና ለውጭ እንጂ ለከተማ አይሸጥም አሉ። ማኪናዎቹ በወታደር ታጅበው በደባርቅ መንገድ ወደ አስመራ ሲወጡ ከኋላቸው መጥረጊያ ይዘን የምንሮጥ ሴቶች ነበርን። ዳገቱ ላይ ማኪናው ሲንገጫገጭ ከጆንያ ቀዳዳ ሽምብራ ይንጠባጠባል። አንዷን ጎረቤቴን ጎንበስ እንዳለች ከላይ የተቀመጠው ወታደር በሰደፍ ጥርሷን አወለቀው። ሽምብራዋን ግን አልጣለችም፤ ከደሟ ጋር ጨብጣ ተነሣች። እኔም ያን ጊዜ ያሰብሁት ጥርሷን ሳይሆን ስንት ፍሬ እንደያዘች ነው።

አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ከእኔ ጋር ክፉ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የቀረችውን ዱቄት ለእኔ ተዉልኝና፣ «አንቺ ታጠቢያለሽ፤ እኔን ጓያ ይበቃኛል» አሉ። ጓያ ድሃ የሚገዛው ሌላ ሲጠፋ ነው። ቆልተው፣ ፈጭተው፣ ሾርባ አድርገው እሱን ብቻ ሲበሉ ከረሙ። አንድ ጠዋት ከመደብ ሊነሡ ሲሉ እግራቸው እርስ በርሱ ተቆላለፈና ወደቁ። ከዚያ ወዲያ አልቆሙም። ጓያ እንዲህ እንደሚያደርግ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

ጡቴም ሲደርቅ ልጄን አዝዬ ደምቢያ ወረድሁ። አባቴ አውድማው ላይ ነበር። አላባረረኝም። የወንድሜ ሚስት እንጀራ አቀረበች፤ በላሁ፣ ከጥጋቤ በላይ በላሁ፣ አባቴም ሕፃኗን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ወተት እያጎነጨ አየኝ። ከዚያ የመጣሁበትን ነገርሁት።

«እዚህ ተቀመጪ» አለኝ። «ብዪ። ልጅሽን አሳድጊ። ቤቱ ያንቺ ነው።»

«አማቴስ? እግራቸውን ይዟቸዋል። ትቻቸው ብቀር ይሞታሉ።»

«ልጃቸው የመንግሥት ሰው አይደለም? መንግሥት ያብላቸው።»

«አባየ፣ አንድ ቁና ብቻ። ለእሳቸው ነው፣ ለእሱ አይደለም።»

«ከዚህ ቤት የበላሽው ያንቺ ነው። ተሸክመሽ የምትወጪው የጎንደር ነው። የጎንደር እፍኝ የለኝም።»

«ምነው እንዲህ ጨከኑ?»

ሕፃኗን አንሥቶ ሰጠኝ። «ሲገርፉኝ ቆመሽ አይተሽ የለም? ከዚያ ነው የተማርሁት» አለና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ።

ወንዙ ጋ ስደርስ ወንድሜ ከኋላዬ እየሮጠ ደረሰብኝ። ጋቢው ውስጥ የጤፍ ዱቄት የሞላ ስልቻ ይዟል። «እታለም፣ ፍጠኚ፣ ልጅቱን አውርጂያት» አለ። ስልቻውን ከአንቀልባው ሥር ጀርባዬ ላይ አስተኛና ሕፃኗን በላዩ አሳዘለኝ። ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት የሚኮተኩቱ ሴቶች ቀና ብለው አዩን። ወንድሜም አያቸው። «ሂጂ» አለኝ፤ «ሰላም ብለሽ እለፊያቸው።» ሰላም ብዬ አለፍሁ። አዘዞ ላይ ማንም ያዘለችን ሴት አይፈትሽም።

ዱቄቱን አማቴ በአጥሚት እየጠጡ ትንሽ ሰነበቱ። እሱ እንዳለቀ ወንድሜ ባዶ እጁን ጎንደር መጣ። ገብቶ መደቡ ላይ አልተቀመጠም፤ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«ሴቶቹ ተናገሩ?» አልሁት።

«ተናገሩ።»

«እሳት ከለከሏችሁ?»

«በሬዬን አረዱት። መጋላውን።» ወንድሜ በሬ ገዝቶ አያውቅም፤ ቀዩን መጋላ ከጥጃነቱ ያሳደገው እሱ ነው። «ማን ይረደው ሲባል ሰዎቹ በአባየ አፍረው ዝም አሉ። አባየ ቢላዋውን ራሱ ተቀበለ። 'ሌላ ቢያርደው ቂም ይሆናል' አለ። እኔን ቀንዱን ያዝ አለኝ።»

«ያዝህለት?»

«ያዝሁለት። ሥጋውን በየቤቱ ሲያካፍሉ ለእኔም ድርሻዬን ሰጡኝ። ልጆቼ ርቧቸው ነበርና በላነው።» መሬቱን በጣቱ ጫረ። «'አባየ፣ ያቺ እኮ ልጅዎ ናት' አልሁት። 'እሷን በደጄ ከልክዬ አንተ በጓሮ ከሰጠህ፣ እኔ ምን ሆንሁ?' አለኝ።»

በአንድ በሬ አይታረስም፤ ጥማዱ ፈረሰ። በሬውን አብሮት የሚያቀናጅ ጎረቤት ደግሞ ግዝቱ ይከለክለዋል። ይህን ሁሉ ነግሮኝ፣ ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ።

አማቴ በዐቢይ ጾም መግቢያ ሞቱ። መጨረሻ ላይ ከመደቡ እስከ ደጃፉ እየተሸከምሁ ፀሐይ አሞቃቸው ነበር፤ እንደ ሕፃን ነበሩ። የቀበራቸው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም በየቤቱ የራሱን ሬሳ ይጠብቃል። ከቀብር እንደተመለስን ባሌ ከነጫማው ተቀምጦ፣ «እናቴን የገደላት ያንቺ አባት ነው» አለኝ።

«ኑጉን የደፋው ማን ነው?» አልሁት።

ተነሥቶ መታኝ። ከዚያ በፊት መትቶኝ አያውቅም፤ ከዚያም ወዲህ አልመታኝም። ያን ዕለት ግን ልጄ እስክትጮህ ድረስ መታኝ።

ወዲያው ወታደር ወደ ደምቢያ እንዲወርድና እህሉን ከየተደበቀበት አውጥቶ፣ ገበሬው ለመንግሥት እስኪገዛ ድረስ በየቤቱ እንዲሰፍር ታዘዘ። መንገድ የሚመራ አገር አዋቂ ሲፈለግ ባሌ ማንም ሳይጠራው እጁን አወጣ። ይህን የሰማሁት የሄዱ ጠዋት ነው። ልጄን አዝዬ በኋላቸው ወረድሁ።

ስደርስ ወታደሮቹ ግቢውን ሞልተውታል። የአባቴ የእህል ጉድጓድ ከቤቱ ጀርባ ካለው ድንጋያማ ጉብታ ላይ ነበር፤ ክዳኑ ላይ እበት ተለቅልቆ፣ አፈር ለብሶ፣ ሣር በቅሎበት፣ የማያውቅ ሰው አያገኘውም። አባቴ በዚያ ላይ ተቀምጧል። ባሌ ከፊቱ ቆሟል።

«ይነሡ አባቴ።»

«ለሠርግህ ጤፍ ያወጣሁልህ ከዚህ ነው» አለ አባቴ። «ከእኔ ጋር ክዳኑን ያነሣኸው አንተ ነህ።»

«ለዚህ ነው የማውቀው» አለ ባሌ።

ሁለት ወታደሮች በብብቱ ገብተው ጎትተው አነሡት። ጉድጓዱ ተከፈተ። ጤፉን፣ ሽምብራውን፣ ከሥር በተለየ አቁማዳ የተቀመጠውን ሁሉ አወጡ። አባቴ ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመነ። «ያ ዘር ነው» አለ። «የሚበላውን ውሰዱ፤ ዘሩን ተዉልኝ።» ባሌ የሰማ አልመሰለም። ወታደሮቹ የዘሩን ሽምብራ ለበቅሎዎቻቸው በተኑት። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ምን እንዳሰበ አላወቅሁም። ቀርቤ እጁን ልይዝ ስል፣ «ከባልሽ ጋር ሂጂ» አለኝ።

ወታደሮቹ በየቤቱ ሰፈሩ። ዶሮውን፣ በጉን፣ ዘሩን በልተው እስኪጨርሱ ቆዩ። የሚበላ ሲያልቅ ግዝቱም አለቀ፤ ሽማግሌዎቹ ወጥተው በመሬት ላይ ተደፍተው ምሕረት ጠየቁ፣ ተሰጣቸውም። የአዘዞው ሹም ወደተሻለ ቦታ ተሾሞ ሄደ። ከእርሱ ወዲህ ኬላው ላይ ገበሬውን ስለ ኑግ የሚጠይቅ ጠፋ። ገበሬው የጠየቀው ይህንን ነበር፤ ስለዚህ አሸነፈ ማለት ይቻላል። ክረምቱ ግን ሲገባ የሚዘራ አልነበረውም።

በተከታዩ ዓመት ተራው የደምቢያ ሆነ። ሰዎቹ ልጆቻቸውን ይዘው ጎንደር ወጡና ቀሐ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ከተማው እህል ነበረው፤ ከሌላ አገር መጥቶለታል። ጥርሷን ያጣችው ጎረቤቴ ትርፍራፊዋን ሰው እያየ ለውሻ ትሰጥ ነበር። «እኔ መጥረጊያ ይዤ ስሮጥ የት ነበሩ?» አለችኝ። ከእነዚያ ከወንዙ ዳር ከተቀበሩት ውስጥ አንዷ የወንድሜ ትንሽ ልጅ ናት። ስሰማ ሄድሁ፤ ቀብረዋት ነበር።

ወንድሜ ቀሪ በሬውን ሸጦ፣ ሚስቱን ለዘመዶቿ ትቶ ሁመራ ሰሊጥ ሊያጭድ ወረደ። ጥቂት ዓመት በመንገደኛ ሰላምታ ይልክልኝ ነበር። ከዚያ ሰላምታው ቀረ። በወባ ሞተ የሚል መጣ፤ አየሁት የሚል ግን አልመጣም።

አባቴ ብቻውን ቀረ። ዓይኑ ሲጠፋ ጎረቤቶቹ በበቅሎ ጭነው አመጡልኝ። ደጃፉ ላይ ቆሜ ባሌን ስጠብቅ፣ ከሥራ መጥቶ አየውና፣ «አስገቢው፤ የት ይጣላል» አለ። እናቱ የሞቱበትን መደብ ሰጠነው፤ ሌላ መደብ አልነበረንም።

ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ኖሩ፤ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። አባቴ የባሌን እግር ኮቴ ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ባሌ ከውጭ ሲገባ ቆቡን አውልቆ እሱ ወዳለበት ሳያይ ያልፋል። ምግብ ለየብቻ አቀርባለሁ። አንዳንዴ ባሌ ጓዳ ድረስ መጥቶ፣ «በላ?» ይለኛል። «በላ» እላለሁ። አባቴም ባሌ ታሞ ሲተኛ፣ «ያ ሰው ሳሉ አልቀለለውም?» ብሎ ጠይቆኛል። ያለ ስም፣ ያ ሰው ብቻ። አንድ ጊዜ ለባሌ ይህን ብነግረው መጥረቢያ አንሥቶ የማገዶ እንጨት ሊፈልጥ ወጣና ሳያስፈልገን ሙሉ ክምር ፈለጠ።

አባቴ ሊሞት ሲል የነፍስ አባቱ መጡ። ከሁሉ ጋር ታረቅ አሉት። ባሌ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ቄሱ በእጃቸው ጠሩት፣ ገባ፣ ከመደቡ አጠገብ ተንበረከከ። ካኪው ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር፤ እሱም አርጅቶ ነበር።

«ማን ነው የመጣው?» አለ አባቴ።

«አማችዎ ነው» አልሁት።

ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ጠበቁ። አባቴ አፉን ከፍቶ ብዙ ቆየ፤ የሚናገር መስሎን ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«በሩን ከውጭ ይዝጋው» አለ። «ብርድ ገባ።»

ባሌ ተነሣ፣ ወጣ፣ ዘጋው። ቄሱ ጸሎታቸውን ጀመሩ። አባቴ ሐሙስ ቀን ሞተ። ክረምት ነበርና፣ ወንዙ ሞልቶ ደምቢያ ማሻገር አልተቻለም፤ ጎንደር ቀበርነው፣ ከአማቴ መቃብር ጥቂት ራቅ ብሎ። መቃብሩን ባሌ ብቻውን ቆፈረው፤ ሊያግዙት የመጡትን መለሳቸው።